አርባ ሁለት ቀን

የምሠራበት ፓርኪንግ ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ከተማ ነው፤ ከፎርድ ቲያትር ቢርቅ ሁለት መንገድ ነው። የማታ ተረኛ ስሆን፣ መኪና የሚያስወጣ ሰው ጋብ ሲል፣ ቁልፎቹን ለባልደረባዬ አስረክቤ እግሬን ለማፍታታት እስከ አሥረኛው ጎዳና እሄዳለሁ። ቀን ቀን የተማሪ አውቶቡስ የሚደረደርበት ቦታ ማታ ጭር ይላል። ከቲያትሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ደረጃ ያለው ጠባብ ቤት አለ። አብርሃም ሊንከን በወዲህ በኩል ተተኮሰበት፣ በወዲያ በኩል ሞተ። ቁመተ ረጅም ስለነበር የቤቱ አልጋ አልበቃውም፤ በሰያፍ አጋድመው ነው ያስተኙት። እስከ ማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ድረስ ሲተነፍስ ቆየ።

ዕለቱ ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ነበር፤ ስቅለት። የአሜሪካኑን ታሪክ በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ ነው የምጽፈው። በዚያ ዓመት የእኛም የእነሱም ፋሲካ በአንድ እሑድ ነበር የዋለው። ስቅለቱ እኛ ዘንድ ሚያዝያ 7 ቀን 1857 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አያቶቻችን ሲሰግዱ በዋሉበት ቀን ማታ፣ ጆን ዊልክስ ቡዝ የሚባል ተዋናይ ከኋላ መጥቶ ፕሬዚዳንቱን ጭንቅላቱን መታው።

ስለ ሊንከን የተጻፈው ለአንድ ሰው ዕድሜ ይበዛል። እኔን ግን እዚያ ደረጃ ሥር ስቆም የሚይዘኝ ሌላ ሐሳብ ነው፤ የሞተውን ሳይሆን የተተካውን ሰው አስባለሁ። ከእሱም ይልቅ ሊተካ ይችል የነበረውን፣ በአርባ ሁለት ቀን የቀደመውን ሰው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ አንድሩ ጆንሰን ቃለ መሐላ የፈጸመው ማርች 4 ነው። ፕሬዚዳንት የሆነው ኤፕሪል 15። በመካከሉ ያለው 42 ቀን ነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ምክትል ሆኖ የቆየው ሰው ሃኒባል ሃምሊን ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ አልፈርድባችሁም፤ እኔም እዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሬ ነው የሰማሁት።

ሃምሊን የሜይን ሰው ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከካናዳ ድንበር ያለችው ብርዳም ግዛት። በወጣትነቱ ዴሞክራት ነበር። ፓርቲው ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች እንዲስፋፋ መንገድ ሲከፍት በ1856 ጥሎ ወጣና ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ተቀላቀለ። ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ባሮቹ ነጻ ይውጡ፣ ጥቁሮች ጠመንጃ ይያዙ እያለ ሊንከንን ይወተውት ነበር። ከልጆቹ አንዱ ሳይረስ የጥቁር ወታደሮች አዛዥ ሆኖ ዘምቷል። ሌላው ልጁ ቻርልስና እህቱ ሳራ ደግሞ በዚያች ስቅለት ማታ ፎርድ ቲያትር ውስጥ ተመልካች ነበሩ። አባታቸው በአርባ ሁለት ቀን ያመለጠው ወንበር ባዶ ሲሆን ልጆቹ እዚያው ነበሩ።

ታዲያ ለምን ተነሣ? በጁን 1864 ባልቲሞር ላይ የፓርቲው ጉባኤ ተቀመጠ። ፓርቲው ለምርጫው ሲል ራሱን ብሔራዊ የአንድነት ፓርቲ ብሎ ሰይሞ ነበር። ከተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጋር የሚደረገው የእርስ በርስ ጦርነት አልሰመረም፣ ምርጫው ያስፈራ ነበር። ሜይን ያኔ የሪፐብሊካን ነበረች፤ ከሜይን ሰው የሚገኝ አዲስ ድምፅ የለም። ጆንሰን ግን ቴነሲያዊ ነው፣ ዴሞክራት ነው፣ ከተገነጠሉት ግዛቶች ሴናተሮች ሁሉ ከሴኔት ወንበሩ አልነሣም ያለ ብቸኛው ሰው ነው። በመጀመሪያው ቆጠራ ጆንሰን 200፣ ሃምሊን 150 አገኙ። የቀሩት ድምፆች ወዲያው ተገለበጡና ጆንሰን 494 ሆነለት። ሊንከን ራሱ በስውር እጁን አስገብቶበታል አላስገባም የሚለው ክርክር ሃምሊን በሞተበት በ1891 እንደገና ፈንድቶ፣ የሊንከን የቀድሞ ጸሐፊና አንድ የፔንሲልቬኒያ ፖለቲከኛ በጋዜጣ ተሟግተውበታል። እኔ ፍርድ ለመስጠት አልደፍርም። 50 ድምፅ ብቻ መሆኑ ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። ሃምሳ ሰው ማለት ሁለት የከተማ አውቶቡስ እንኳ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ ሃምሊን ያደረገው ነገር ነው ሰውዬውን ያስወደደኝ። በተራ ወታደርነት የተመዘገበበት የሜይን ጦር በዚያው ክረምት ተጠራ። ምክትል ፕሬዚዳንት ነኝ ብሎ መቅረት ይችል ነበር። አልቀረም። ኪተሪ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ ፎርት ማክላሪ ምሽግ ገባ፤ ዘብ ቆመ፣ ኮርፖራል ሆነ፣ ኋላም ለጓዶቹ ወጥ ቤት ገብቶ ምግብ አብሳይ ሆነ። የአንድ ትልቅ አገር ሁለተኛ ሰው፣ ዳግመኛ እንዳይታጭ በተደረገ በጥቂት ሳምንት፣ ገና ሥልጣኑ ላይ እያለ፣ ጭስ ውስጥ ድስት ሲያማስል አስቡት። አገሬ ሹመት የቀረበትን ሰው በደንብ አውቃለሁ፤ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፣ አለዚያም ይሸፍታል። ወጥ ቤት ገብቶ ያገለገለ አላየሁም።

ማርች 4 ቀን 1865 ሥልጣኑን የሚያስረክብበት ቀን ሆነ። ጆንሰን ከታይፎይድ ሕመም ገና ሳያገግም ነው ከቴነሲ የመጣው። ካፒቶል ውስጥ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ክፍል ገብተው ሲጠባበቁ፣ ደከመኝ፣ ትንሽ ውስኪ ባገኝ አለ። ሃምሊን ደግሞ ሴኔት ውስጥ መጠጥ እንዳይሸጥ የከለከለ ሰው ነው። ውጭ ልኮ አስመጣለት። ጆንሰን በትልቁ ብርጭቆ ቀዳ፣ ጠጣ፣ ደገመ። ከዚያ ክፍሉ የሞቀበት፣ ሴናተሩ፣ ዳኛው፣ ሚኒስትሩ፣ የውጭ አገር መልእክተኛው ሁሉ የተቀመጠበት አዳራሽ ገቡ። ጆንሰን አጭር ንግግር ማድረግ ሲገባው ፊቱ ቀልቶ፣ እኔ ከተራው ሕዝብ የወጣሁ ነኝ፣ እናንተም ሥልጣናችሁን ያገኛችሁት ከሕዝቡ ነው እያለ ሚኒስትሮቹን አንድ በአንድ እየጠራ ይቀባጥር ጀመር። ሃምሊን ከኋላው ሆኖ ልብሱን ጎትቶታል ይባላል።

ለፍርድ እንዲመች አንድ ነገር ልናገር፤ ጆንሰን ሰካራም አልነበረም። ታማሚ ነበር። በዚያች ቀን አንድ ሌላ ሰው ግን ከስካሩ አልፎ አይቶታል። ከባርነት አምልጦ የወጣው ፍሬድሪክ ዳግላስ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ነበር። ሊንከን ለጆንሰን ወደ እሱ ሲጠቁመው፣ መጀመሪያ በሰውየው ፊት ላይ የወጣው ንቀትና ጥላቻ ነበር፤ ቶሎ ብሎ በፈገግታ ሊሸፍነው ሞከረ። ዳግላስ ያኔውኑ አጠገቡ ላለችው ሴት ይህ ሰው የወገናችን ወዳጅ አይደለም እንዳላት በኋላ በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል።

ስለ ጆንሰን ሲበዛ የገረመኝ አስተዳደጉ ነው። ከደሃ ቤት ነው የተወለደው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። የልብስ ሰፊ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ፣ ጠፍቶ ኮበለለ፣ ቴነሲ ሄዶ መርፌና ክር ይዞ ኖረ። መጻፍና ሒሳብ ያጠናከረችለት ሚስቱ ኢላይዛ ናት። ሀብታም ባለመሬቶችን ከልቡ ይጠላ ነበር። እኔ የጢሰኛ ልጅ ነኝና ይህን ሳነብ ልቤ ወደ እሱ አዘንብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የደሃ ጠበቃ ይሆናል ብዬ። በኦክቶበር 1864 ናሽቪል ላይ ለተሰበሰቡ ጥቁሮች እኔ ሙሴ እሆንላችኋለሁ ብሎ ነበር፤ ከባርነት ወደ ነጻነት አሻግራችኋለሁ ብሎ። እነሱም አምነውት ጮኹለት። እሱ ግን የጠላው ባለመሬቱ ከእሱ በላይ መቀመጡን ነበር እንጂ ባሪያው ከሥር መሆኑን አልነበረም። ራሱም ባሪያ ነበረው።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ። የዚህ ታሪክ ሥር እዚያ ነው።

ጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ማታ፣ ጆርጂያ ውስጥ ሳቫና ከተማ፣ የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማንና የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን 20 ጥቁር የሃይማኖት አገልጋዮችን ጠርተው ለወገናችሁ ምን ትፈልጋላችሁ ብለው ጠየቁ። ለሁሉም ሆነው የመለሱት ጋሪሰን ፍሬዘር የሚባሉ የ67 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ የራሳቸውንና የሚስታቸውን ነጻነት በ1,000 ዶላር ወርቅና ብር የገዙ ሰው። ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ራሳችንን ለማስተዳደር ከሁሉ የሚሻለን መሬት ማግኘት፣ በገዛ ጉልበታችንም አርሰን መጠቀም ነው። በአራተኛው ቀን ሸርማን ልዩ የጦር ሜዳ ትእዛዝ ቁጥር 15ን አወጣ። ከሳውዝ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ወደ ደቡብ ያሉት፣ እንደ ኤዲስቶ ያሉ ደሴቶች፣ ከባሕሩ 30 ማይል ድረስ ወደ ውስጥ ያሉት የተተዉ የሩዝ እርሻዎች፣ እስከ ፍሎሪዳው የሴንት ጆንስ ወንዝ ድረስ፣ ነጻ ለወጡት ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር እየተመተረ ይሰጥ ተባለ። 40 ኤከር ማለት 16 ሄክታር ነው፤ ግማሽ ጋሻ አይሞላም። እስከ ጁን ባለው ጊዜ 40,000 ያህል ሰው 400,000 ኤከር በሚያህል መሬት ላይ ሰፈረ።

ሰው መሬት አገኘ ሲባል እኔ የማየው የአባቴን አውድማ ነው። አባቴ አድአ ውስጥ ጢሰኛ ነበሩ። ጥቁር አፈር፣ ነጭ ጤፍ። ከአውድማው ሲሶው የባለመሬቱ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በራዲዮ ሲነገር ስምንት ዓመቴ ነው። መሬት ለአራሹ ሆነ፣ ጢሰኝነት ቀረ፣ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር። ዘማች ተማሪዎች መጥተው ገበሬ ማኅበር አቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት ጤፉ ደረሰ፣ ታጨደ፣ ተወቃ። አባቴ እንደ ወትሮው በቁና ሰፈሩ። ሲሶውን ለብቻ አድርገው በጆንያ አስገቡ፣ አፉን በገመድ አሰሩ፣ ጎተራው ጥግ አቆሙት።

«ይኼ የማነው?» አልኳቸው።

«የጌቶች።»

ጌቶች የሉም እኮ፣ ዘማቾቹ ተነስተዋል ብለው ነግረውናል አልኩ። አባቴ ጆንያውን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ከመጡስ?» አሉ።

ኤዲስቶ ደሴት ላይ መጡ።

ጆንሰን ሥልጣን ሲይዝ ኮንግረስ ተበትኗል። የሚሰበሰበው በዲሴምበር ነው። ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ፣ ስምንት ወር ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ፣ የተሸነፈው ደቡብ ዕጣ በአንድ ሰው ብዕር ላይ ነበር። ይህንን ነጥብ አስምሩበት፤ እኔ ያለኝ ሐሳብ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሜይ 29 ጆንሰን የምሕረት አዋጅ አወጣ። የታማኝነት መሐላ የፈጸመ ይቅር ይባላል፣ ከባሪያ በቀር ንብረቱም ይመለስለታል። ከ20,000 ዶላር በላይ ንብረት ያላቸው ግን በግል ማመልከት አለባቸው። ያ የልብስ ሰፊ ልጅ ሲጠላቸው የኖረው ባለመሬቶች አሁን ኋይት ሀውስ ደጅ ጠኑ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰለፉ። እሱም በሺህ ለሚቆጠሩት ፈረመላቸው። እየለመኑት እሱ ሲሰጥ መዋሉ ያረካው ይመስለኛል፤ ይህ የኔ ግምት ነው። ከኪሱ ግን አልነበረም የሚሰጠው። የጋሪሰን ፍሬዘርን ሰዎች መሬት ነው።

ነጻ የወጡትን ለመርዳት የተቋቋመው ቢሮ ኃላፊ ጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ መጀመሪያ አልታዘዝ ብሎ ነበር። በጁላይ መጨረሻ 40 ኤከሩ የይቅርታው አካል አይደለም የሚል መመሪያ ጻፈ። በሴፕቴምበር ጆንሰን ያንን አስሽሮ መሬቱ ይመለስ የሚል ሌላ አስጻፈው። በኦክቶበር ሃዋርድ ራሱ ኤዲስቶ ድረስ ሄዶ እንዲነግራቸው ታዘዘ። ሃዋርድ ሃይማኖተኛ ሰው ነው፤ ቀኝ ክንዱን በ1862 ጦርነት አጥቷል። ቤተክርስቲያኑ በሰው ጢም አለ። የመጣበትን ጉዳይ ሲናገር ሕዝቡ ተንጫጫ፣ አልሰማም አለ። አንዲት ሴት ከመሃል የሐዘን መዝሙር ጀመረች፤ ሁሉም ተቀበላት። ሃዋርድ አለቀሰ። ከዚያም መሬቱን መልሱ አላቸው፤ ይቅር በሏቸው፣ ተስማምታችሁ እየሠራችሁላቸው ኑሩ።

እነሱ ተሰብስበው የጻፉለት መልስ እስከ ዛሬ አለ። ሄንሪ ብራም፣ ኢሽማኤል ሞልትሪና ዬትስ ሳምፕሰን ፈርመውበታል። አንዱን አንቀጽ በቃሌ ይዤዋለሁ ብል ማጋነን አይደለም፦ የደሴታችንን ባለመሬቶች ይቅር በሉ ይሉናል። እርስዎ በጦርነቱ ያጡት ቀኝ ክንድዎን ብቻ ነው፤ ይቅር ሊሏቸው ይችሉ ይሆናል። እኔን ከዛፍ አስሮ 39 ጅራፍ የገረፈኝ፣ እናቴንና እህቴን አራቁቶ የገረፈ፣ የእሱን ካልዘራሁና በቆረጠልኝ ዋጋ ካላደርኩ ባዶ ጎጆው ውስጥ እንኳ የማያስጠጋኝ፣ የራሴ መሬት ቢኖረኝ ደጁን እንደማልረግጥ አውቆ መሬት እንዳላገኝ ከሌሎች ጋር የሚዶልት ያ ሰው፣ እሱን ይቅር ማለት ይከብደኛል።

ይህንን መጀመሪያ ያነበብኩት እዚያው ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ በስልኬ ነው። የዚያን ሌሊት አንድ ደንበኛ መስኮቱን እስኪያንኳኳ አልሰማሁትም።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሚሲሲፒና ሳውዝ ካሮላይና ጥቁሩ ያለ ሥራ ውል ከተገኘ የሚታሰርበትን ሕግ በዚያው ዓመት አወጡ። ሰፋሪዎቹን ሲያደላድል የነበረው ጄኔራል ሳክስተን በጃንዋሪ 1866 ከቦታው ተነሣ። ጆንሰን የቢሮውን ዕድሜ የሚያራዝመውን ሕግ ውድቅ አደረገ፣ የሲቪል መብት ሕጉንም ውድቅ አደረገ፤ ሁለተኛውን ኮንግረስ በላዩ ላይ አጸደቀው። በ1868 ተከስሶ ሴኔት ውስጥ 35 ጥፋተኛ ነው፣ 19 አይደለም አሉ፤ ለማውረድ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር በአንድ ድምፅ ብቻ ተረፈ።

እና ሃምሊን ቢሆን ኖሮ?

በጥንቃቄ ልሂድበት፤ የምንወደውን ሰው ባልተፈጸመ ታሪክ ላይ ንጉሥ አድርጎ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ሃምሊን መልአክ አልነበረም። ለወዳጆቹ ሹመት ማከፋፈል የሚወድ፣ እድሜውን በፖለቲካ ያሳለፈ ሰው ነው። የመሬቱም ነገር በሕግ በኩል የላላ ነበር። በ1862 የወጣው የመውረሻ ሕግ፣ በሊንከን በራሱ ግፊት፣ ንብረቱ የሚወረሰው ለአመፀኛው ዕድሜ ብቻ እንዲሆን፣ ለልጆቹ እንዲመለስ ተደርጎ ነበር። ሸርማን ራሱ ትእዛዙ ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ ነበር ብሏል። የሰሜኑ ፋብሪካ ጥጥ ይፈልጋል፤ ለገዛ ጓዳው በቆሎና ድንች የሚዘራ ጥቁር ገበሬ ለማንም አይመቸውም ነበር። ከሃምሊን ጀርባ የሚቆም ሠራዊትም በየቀኑ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር።

ይህን ሁሉ አምኜ ስቀበል እንኳ አንድ ነገር ይቀረኛል። በዚያ ስምንት ወር ትልቅ ሰው አያስፈልግም ነበር። መሬቱ ተመትሮ፣ ተመንጥሮ፣ ተዘርቶበታል። በማርች 3 የወጣው የቢሮው ሕግ 40 ኤከር በኪራይ ተይዞ በሦስት ዓመት ውስጥ መግዛት እንደሚቻል ይላል። የጎደለውን ኮንግረሱ በዲሴምበር ተመልሶ ሊያስተካክለው ይችላል። እስከዚያ ድረስ የሚያስፈልገው ብዕሩን አስቀምጦ የሚቆይ ሰው ነው። የኤዲስቶን ሰዎች የጎዳቸው የአንድ መሪ ስንፍና አልነበረም፤ ጆንሰን ተግቶ፣ ሌት ተቀን እየፈረመ ነው መሬቱን የነጠቃቸው። ሃምሊን ያንን አያደርግም ነበር ለማለት ደግሞ ማስረጃ አለኝ። ጆንሰን በ1865 የቦስተን ወደብ ቀረጥ ሰብሳቢ አድርጎ ሾሞት ነበር፤ ደህና ገንዘብ የሚያስገኝ ቦታ ነው። በ1866 የጆንሰንን አካሄድ በማየት ሥልጣኑን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ምግብ ማብሰልን ያልናቀ ሰው ጥቅሙንም ጥሎ መውጣት አላቃተውም። ዕድሜም አልነሳውም፤ እስከ 1891 ኖሯል። ጆንሰን የሞተው በ1875 ነው።

መሬቱ ባይነጠቅ ምን ይሆን እንደነበር ደግሞ ለማወቅ ሕልም አያስፈልግም። ከኤዲስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ በዚያው ባሕር ዳር ሴንት ሄሌና የሚባል ደሴት አለ። እዚያ የሰሜኑ መንግሥት እርሻዎቹን በጦርነቱ ጊዜ ባልተከፈለ ግብር ሸጧቸው ስለነበር፣ ጥቁር ቤተሰቦች በትንሽ በትንሹ በገንዘባቸው ገዝተው የሽያጭ ወረቀት ያዙ። የጆንሰን ይቅርታ እነዚያን ወረቀቶች ሊነካቸው አልቻለም። ጉላ የሚባሉት የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ በቋንቋቸውና በወጋቸው፣ ለትውልዶች በዚያው መሬት ላይ ኖሩ። አንዱ ደሴት ያ ሆነ፣ ሌላው ደሴት ይህ። አፈሩ አንድ፣ ሕዝቡ አንድ፣ ዘመኑ አንድ።

አብሮኝ የሚሠራ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ የሚማር ልጅ አለ። ይህን ነገር አንድ ሌሊት ስናወራ፣ «ጋሼ፣ ሰው ምንም አይደለም፣ ሥርዓቱ ነው። ሃምሊንም ቢሆን ያው ነበር» አለኝ። የእሱ ትውልድ እንዲህ ማሰቡ ይገባኛል። እኛ ቡና ላይ ጄኔራል አማን ባይገደሉ ኖሮ፣ ያ ባይሆን ኖሮ እያልን ስናለቅስ ነው ያደጉት፤ ከዚያ ለቅሶ ሸሽተው ነው ወደ ሥርዓት የሄዱት። ግን አልተስማማሁለትም። ሥርዓቱ ብዙ ነገር ይወስናል፤ የጥጡን ዋጋ፣ የፋብሪካውን ፍላጎት፣ የነጩን ንቀት። ሜይ 29 ያንን ወረቀት ማን እንደሚፈርመው ግን የወሰኑት ባልቲሞር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ በልባቸውም የነበረው ስለ ምርጫው እንጂ ስለ ኤዲስቶ አልነበረም። ምክትል የሚመርጥ ሰው ያንን ቀን አያስብም። የሚያስበው በዚህ ኖቬምበር ማን ድምፅ ያመጣልኛል ብሎ ነው። ልጁ ዝም አለና፣ «እሺ፣ ግን ሃምሊን ቢሆንስ ኖሮ ሌላ ሰው አይገድለውም ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ እናቴ ጋ ደወልኩ፤ አባቴ ካረፉ ሰንብተዋል። የዚያን ጆንያ ነገር አንስቼ ጠየቅኋት። እኔ የማስታውሰው ጥግ ላይ ቆሞ ነው፤ መጨረሻውን አላውቅም ነበር።

አባትህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሶውን እየለየ አስቀመጠ አለችኝ። ጤፍ ነቀዝ አያውቀውም፤ አልተበላሸም። በችግር ጊዜ እንኳ አስነክቶ አያውቅም፤ ከጎረቤት ተበድረን ነው ያለፍነው። በኋላ ኮታው መጣ፣ መንደር ምሥረታው መጣ፣ ብዙ መጣ፤ ጌቶቹ ግን አልመጡም። በሦስተኛው ዓመት፣ ከጥምቀት በፊት፣ ማንንም ሳያማክር ተነሥቶ የመጀመሪያውን ጆንያ ገመድ ፈታ። በእፍኙ ዘግኖ ወደ ብርሃን አወጣና አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «በይ እንግዲህ፣ ወፍጮ ቤት አስወስጂው» አለኝ።